ኔዲን ሜዳውን የያዘችበት በጋ

ወንድሜን ሮይስ ጉድሌትን ስትሮክ ከመታው በኋላ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፤ «ዎ»። ፈረስ ለማቆም የምንላት ቃል ናት። ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ሲያሠለጥን ስለኖረ ይሁን ወይም እንዲያው ዕጣው ሆኖ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሷ ለምን እንደተረፈች ሐኪሞቹም አላወቁም። ውሃ ሲጠማው «ዎ» ነው፤ ወገቡን ሲያመው «ዎ» ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠይቀውት ሲወጡ በተሽከርካሪ ወንበሩ እስከ በር ተከትሎ የሚሸኛቸውም «ዎ» እያለ ነው። ሚስቱ ኔዲን ግን ሁሉንም በዜማው ትለየዋለች።

«ይቺ የሾርባ ናት» ትለኛለች፣ ከወጥ ቤት ሆና ጆሮዋን አቁማ። «ያቺኛዋ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ዝጊልኝ ናት።»

እኔ ዴልፊያ እባላለሁ፤ የሮይስ ታናሽ እህት ነኝ። ቤቴን ከነሱ ቤት የሚለየው አንድ የትምባሆ ማሳ ነው። ስለ ወንድሜ ብዙ ሰው ብዙ አውርቷል፤ በኬንታኪ ግዛት ሳድልብሬድ የሚባለው የትርኢት ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ስሙን ያውቃል። ስለ ኔዲን ግን ማንም ስላላወራ እኔ ላውራ።

ኔዲን ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው የኖረችው። ከሲምፕሰንቪል ከተማ ወጣ ብሎ ባሉት ጠባብ መንገዶች ላይ ትራክተር ከመጣባት ዳር ይዛ ትቆማለች፤ ከኋላዋ የቸኮለ ካለ በእጇ ጠቁማ ታሳልፋለች። ገበያ ገብታ ሁለት ዕቃ ብቻ የያዘ ሰው ካየች፣ የሞላ ጋሪዋን ወደ ኋላ ስባ «እለፍ፣ እለፍ» ትላለች። የተጠበሰ ዶሮ ሲቀርብ ጀርባውን ለራሷ አስቀርታ ሥጋ ያለውን ለሌላው ታድላለች። እንዲህ ላለ ሰው ደግሞ የውድድር ሜዳ ከባድ ነው።

ሮይስ ይህን ገና ሳይጋቡ ነግሯታል። ፈረስ መጋለብ ልትማር ወደ ሮይስ ጋጣ የመጣችው በልጅነቷ ነበር። «ስትጋልቢ ይቅርታ የምትጠይቂ ነው የሚመስለው» አላት። «ማንን በድለሽ ነው?» እሷም ሳቀች። ከዚያ ተጋቡ፤ ነገሩ ግን አልተለወጠም።

ወንድሜ ለጋላቢዎቹ ሁሉ የሚሰጠው አንድ ትምህርት ነበረው። «ዳኛው መሃል ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ነው» ይላል። «እንዳንቺው ሁለት ዓይን ነው ያለው፤ ማጅራቱ ላይ ዓይን የለውም። ያ ሁሉ ፈረስ አጥሩን ተጠግቶ ሲዞርበት አንቺ ከሌላው ጀርባ ከተደበቅሽ፣ ባዝራሽ ክንፍ ብታወጣ እንኳ አያይልሽም። ያላየውን ደግሞ አይሸልምም። የሰው መንገድ አትቁረጪ፤ አትገፍትሪ፤ አፍንጫው ሥርም አትመላለሺበት። ባዶ ቦታ ፈልጊና ብቻሽን ታዪ።»

ኔዲን ግን ባዶ ቦታ ስታገኝ ለሌላ ትሰጣለች። ስለዚህ ሮይስ አጥሩን ተደግፎ ይቆምና በፊቱ ባለፈች ቁጥር ይጮኽባታል። «ብርሃን» ካለ ከፊትሽ ክፍት ነው፣ ሂጂ ማለት ነው። «ማዕዘን» ካለ እስከ ጥጉ ግቢ፣ አታቋርጪ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት በሴቶች ውድድር ላይ የጋለበችው በሱ ጉሮሮ ነበር ማለት ይቻላል። ጥሩ ስትጋልብ ዝም ይላል። ምስጋናው እሱ ነበር፤ ዝምታ።

ከስትሮኩ በኋላ ደንበኞች ፈረሶቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ሌላ አሠልጣኝ ወሰዱ። ኔዲን ማንንም አልወቀሰችም፤ እንዲያውም ተጎታቹ ላይ ሲጭኑ ታግዛቸው ነበር። በመጨረሻ ጋጣው ውስጥ ክሎቨር ብቻ ቀረች፤ ግንባሯ ነጭ የሆነ ዳማ ባዝራ ናት፤ ሮይስ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጋት። አምስቱን አካሄድ ሁሉ ታውቃለች፤ ርምጃውን፣ ሶምሶማውን፣ ዝግ ያለውን ስግሪያ፣ ፈጣኑን ስግሪያ፣ ደንገላሳውን። ውበቷ ግን ስግሪያው ላይ ነው። አራቱ ኮቴዎቿ አንድ በአንድ፣ እኩል እኩል መሬት ይነካሉ። በዝግታው ጊዜ እያንዳንዱን እግር ከፍ አድርጋ አየር ላይ ጥቂት ታቆየዋለች። ዳኛ የሚወደው ያቺን ማቆየት ነው፤ ፈጣኑን ስግሪያ እያንቀረፈፉ መሄድማ ማንም ፈረስ ይችላል። ፍጥነት ስትታዘዝ ደግሞ ያው ምት ሳይዛባ ይከታተላል፤ ኮርቻ ላይ ያለው ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ያህል ነው።

አንድ የጸደይ ቀን ኔዲን ባዝራዋን ጫነቻትና ግቢው ውስጥ ዞር ዞር አለችባት። ሮይስ በመስኮት ያይ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ ግድግዳ ሲመለከት የከረመ ሰው፣ በደህናው በግራ እጁ መስታወቱን ይመታ ጀመር። እሷም ስትገባ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ እኔን ጠራችኝ።

«ዴልፊ፣ ለአውራጃው የፈረስ ትርኢት ልመዘገብ ነው።»

«ለሽልማት ሪባን?»

«የምን ሪባን፤ ፈረስ የሚያይበት ቦታ ልውሰደው ብዬ ነው። ወንበሩን አንቺ ትገፊልኛለሽ።»

በሰኔ ሄድን። ሮይስን ነጭ ሸሚዝ አልብሰን፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ በሜዳው ማዕዘን ላይ አጥሩ ጥግ አስቀመጥኩት። ያረጁ አሠልጣኞች እየመጡ ትከሻውን ነኩ። እሱም በየተራ «ዎ» አላቸው፤ ደስ ብሎት ነበር።

አስተዋዋቂው ሶምሶማ ሲል የሴቶቹ ፈረሶች ገቡ። ክሎቨር አንገቷን አቁማ ጆሮዋን ቀስራ ስትገባ የያዝኩት ወንበር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ሮይስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ኔዲን የተለመደውን አደረገች። አንዷ ስትጠጋት ቦታ ለቀቀች፤ ሌላዋ ስትመጣ ደግሞ ወደ ውስጥ አሳለፈቻት። ፈረሶቹ መንጋ ሆነው ሲጠጋጉ እሷ መሃላቸው ተቀርቅራ ቀረች። ዳኛው በሷ በኩል ሲመለከት የሚያየው የሌላ ፈረስ ጎን ነበር። የሚጮኽላት የለም። ሮይስ የአጥሩን እንጨት በጥፍሩ ይቧጥጣል።

ፈጣን ስግሪያ ታዘዘ። መንጋው ትንሽ ላላ፤ ከኔዲን ፊት እስከ ወዲያኛው ጥግ ድረስ ባዶ ሜዳ ተከፈተ። በኛ በኩል እየመጣች ነበር። ወንድሜ ከወንበሩ በግማሽ ተነሣ፤ ብርሃን ሊላት ነው። ያለችው ቃል ግን አንዲት ናት።

«ዎ» ሲል ድምፁ እንደ ጥንቱ ነበር፤ ሜዳው ሙሉ ሰማው።

ክሎቨር በዚያ ፍጥነት ላይ እያለች አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ያሳደጋት ሰው ቁሚ ሲላት አልሰማሁም አትልም። ኔዲን ባዝራዋ አንገት ላይ ተደፋች። ከኋላ የምትመጣው ኮሪን ዊትሎ፣ ጥቁር ወጣት ፈረስ ላይ ያለችው፣ ለጥቂት ሳትጋጫት ዘወር ብላ አለፈች። ከመቀመጫዎቹ ሳቅ ተሰማ። ዳኛው አንገቱን አቀርቅሮ ጻፈ። በዚያ ውድድር ኔዲን ምንም አላገኘችም፤ ሊሆን የሚገባውም እሱ ነበር።

በሜዳው በር ላይ ኮሪን ፈረሷን አቁማ ጠበቀቻት። ሁለቱ ለዓመታት አብረው የተወዳደሩ ናቸው።

«ኔዲን፣ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነሽ መብራት ሳታሳዪ ትቆሚያለሽ? ልሳፈርብሽ ነበር እኮ።»

«ፌርማታ መስሏት ነው» አለች ኔዲን። ሳቀች። ግን ወደኛ ስትመጣ ሮይስ በግራ እጁ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ስቦ ያለቅስ ነበር። ከኮርቻው ወርዳ፣ ባዝራዋን ለኔ አስይዛ፣ ከፊቱ ተንበረከከች። ያቺን የማትታዘዝ ቀኝ እጁን ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገቻት።

ከዚያ በኋላ ሮይስ ያቺንም ቃል ተወ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ሾርባው ሲዘገይ ዝም፤ ሲያመው ዝም። ኔዲን በማሳው አጥር ድረስ መጥታ «የቴሌቪዥኗ ‹ዎ› እንኳ ናፈቀችኝ» አለችኝ።

«ባዝራዋን ያቺን ቃል አስረሺያት» አልኳት። «ፈረስ ማሠልጠን አይደል የቤታችሁ ሥራ። ስትሰማ እንዳትቆም አድርጊያት።»

ኔዲን ክፉ ነገር የተናገርኩ ያህል አየችኝ። «እሱ ያስተማራትን? ስንት ፈረስ ነው በዚያች ቃል ሰው ሳይረግጥ የቀረው። ነገ አምልጣ ወደ አውራ ጎዳናው ብትወጣ በምን ላቆማት ነው?»

«እንግዲያው እሱን ቤት ተይው።»

«እሱ ከሌለማ ለምን እጋልባለሁ?»

ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ቆየች። አንድ ቀን ለምሳ እንግዳ ሆኜ ሄድኩ። ኔዲን ጠረጴዛው ላይ ለሾርባ የሚሆን ባቄላ እየለቀመች ነበር፤ ሮይስ አጠገቧ ተቀምጧል። ድንገት እጁን ሰደደና የጨው ዕቃውን ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋው። ከዚያ ባቄላዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ዙሪያውን ደረደራቸው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ስድስት ሰባቱን በአንድ ላይ አጎራቸው። እኔ አእምሮው ተነካ ብዬ ደነገጥኩ። ኔዲን ግን የምትለቅመውን ተወች።

«ጨዉ ዳኛው ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የቷ ነኝ?»

ሮይስ ሳህኑ ላይ ካለው የበቆሎ ዳቦ ፍርፋሪ ቆንጥሮ ከታጎሩት ባቄላዎች መሃል አኖረው። ኔዲን አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ፍርፋሪውን በጣቱ እየገፋ ወደ ማዕዘኑ፣ እስከ ጥጉ አስገባው፤ እዚያ ያዘው። ባቄላዎቹን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ፊት አሳለፋቸው፤ ሁሉም ሄዱ። ፍርፋሪው ብቻውን ቀረ። አሁን ከማዕዘኑ አውጥቶ በጨዉ ፊት፣ በባዶው ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥ አድርጎ ነዳው።

ኔዲን ፍርፋሪውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ሁልጊዜ ከሰው መሽቀዳደም አለብሽ የምትለኝ ነበር የሚመስለኝ» አለች። «ማሳለፉንማ እችልበታለሁ። ለካ ካሳለፍኩ በኋላ የሚቀረው ሜዳ የኔ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስትጮህብኝ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?»

ሮይስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ዎ» አለ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሾርባውን በላን።

በኮፍያው ምልክት እንዲሰጣት ያሰበችው እሷ ናት። ኮፍያው ራሱ ላይ ካለ አጥሩን ይዘሽ ቀጥዪ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ካኖረው ማዕዘኑ ውስጥ ቆዪ፣ አሳልፊ ነው፤ ከፍ ካደረገው ሂጂ ነው። አፉን ግን እንዲዘጋ ማስለመድ ነበረብን። በኛ ግቢ ስትለማመድ እኔ ከጎኑ ቆሜ፣ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ብስኩት አጎርሰው ነበር። በወሩ መጨረሻ ኮፍያውን መጠቀም ለመደ፤ እኔ ደግሞ ብስኩት አስጠላኝ።

በነሐሴ በጎረቤት አውራጃ ሌላ ትርኢት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ከመሬት ይነሣል። ዳኛዋ ኢሞጂን ሳሊ የምትባል፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች ሴት ነበረች። መሃል ሜዳ ላይ ቆማ አንድ ቦታ ላይ ዓይኗን አታሳርፍም፤ ፈረሶቹ ሲዞሩ እሷም ሰውነቷን እያዞረች ትከታተላለች።

በመጀመሪያው ዙር ያው እንደተለመደው ፈረሶቹ በወዲያኛው ረጅም ጎን ላይ ተጠጋጉ። ኔዲን መሃላቸው ነበረች። አስተዋዋቂው ዝግ ያለ ስግሪያ ሲል ሮይስ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ኔዲን ወደኛ ማዕዘን ስትመጣ እስከ ጥጉ ገባች፤ ዛቡን በጣቶቿ ብቻ ሰብሰብ አደረገች። አንዷ አለፈቻት፤ ሁለተኛዋ አለፈች፤ ኮሪንም አለፈች። ክሎቨር አንዱን እግር አንሥታ የምታቆይ፣ ሌላውን አንሥታ የምታቆይ ሆና፣ በቦታዋ ያለች ያህል ዝግ አለች። ኮፍያው ወደ ላይ ወጣ።

ከማዕዘኑ ስትወጣ በፊቷ ማንም አልነበረም። ዳኛዋ ዞረች፤ መላ ሰውነቷን አዞረች። ከጥጉ እስከ ጥጉ ያቺን አንዲት ዳማ ባዝራ ብቻ ተመለከተች። ኮቴዎቹ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሲሉ ከኛ ድረስ ይሰሙ ነበር። ፈጣኑ ሲታዘዝም ምቱ አልተዛባም፤ ጋማዋ ብቻ ወደ ኋላ ተኛ። ሮይስ በቀኝ በኩል ያለውን የተጣመመ ከንፈሩን በእጁ ያዘው። ብስኩቱን ቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገም።

አቅጣጫ ለውጡ ተባለ። ሁለተኛው ዙር ጥሩ ሄደ፤ የመጨረሻው ፈጣን ስግሪያ ላይ ግን መንጋው በኛ በኩል ጠበበ። ሮይስ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ቆዪ ማለቱ ነው። ኔዲን ኮፍያውን አየች፤ ማየቷን እኔም አየሁ። ግን ከተቀመጥንበት የማይታይ ነገር ለሷ ታይቷት ነበር፤ በወዲያኛው ጎን አንዷ ጋላቢ ፈረሷ ምቱን ሲያዛባባት ወደ ውስጥ ገብታ ስለነበር አጥሩ በሞላ ባዶ ነው። ኔዲን አልቆየችም። የማንንም መንገድ ሳትቆርጥ፣ ከመንጋው ኋላ ሜዳውን በሰያፍ አቋርጣ ወደዚያኛው አጥር ሄደች። በዳኛዋ ፊት ብቻዋን አለፈች። በሕይወቷ ሙሉ ያለ ሮይስ ፈቃድ የያዘችው የመጀመሪያ ቦታ እሱ ይመስለኛል።

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ተመለከታት። እኔም ብስኩቱን ላነሣ ስል፣ ኮፍያውን ከጉልበቱ አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው፤ እጁንም ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ውድድሩ እስኪያልቅ አላነሣውም።

ተሰልፈው ሲቆሙ ሰማያዊውን የአንደኝነት ሪባን የወሰደችው ኮሪን ናት። ቀዩ ለኔዲን ሆነ፤ ሁለተኛ።

ክሎቨርን ወደ ማጠቢያው ወስደናት ኮርቻዋን ስንፈታ፣ ኢሞጂን ሳሊ የትርኢቱን ተቆጣጣሪ አስፈቅዳ መጣች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሮይስ ነው።

«ሮይስ ጉድሌት፣ በወጣትነቴ አብረን ስንወዳደር ስንቴ መንገድ እንደዘጋህብኝ ታስታውሳለህ?»

«ዎ» አለ ሮይስ።

«አውቃለሁ፣ ሆን ብለህ ነው።» ከዚያ ወደ ኔዲን ዞረች። «ዛሬ እንዳንቺ አድርጎ ሜዳውን የያዘ የለም። ዝግ ባለው ስግሪያም ባዝራሽን የሚደርስባት አልነበረም። ግን አቅጣጫ ስትለውጡ ሶምሶማው ላይ የግራ ኋላ እግሯ ርምጃ አጠረብኝ። ከማዕዘን ስትወጣ ሁለት ጊዜ አየሁት። ብቻሽን ስለነበርሽ ደግሞ ልሳሳት አልቻልኩም።»

ኔዲን ባሏን አየችው። ሮይስ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም አይቶታል።

«ኮርቻው ላይ ሆኜ ተሰምቶኛል» አለች ኔዲን። «ሙቀቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።» የባዝራዋን የግራ ኋላ እግር ከጉልበት በታች በእጇ ዳሰሰች፤ ሳብ አደረገችው፤ ክሎቨር ጆሮዋን ወደ ኋላ መለሰች። «እንግዲህ ይበቃታል። ደክማለች፤ ዕድሜዋ ነው። ከዛሬ በኋላ ሜዳ አላስገባትም።»

ዳኛዋ የባዝራዋን አንገት መታ መታ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ኮሪን ሰማያዊ ሪባኗን እንዳንጠለጠለች ብቅ ብላ «ምን አለችሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ለሚመጣው ዓመት ሌላ ፈረስ ፈልጊ አለችኝ።»

«እኔ ዘንድ አንድ ያልተገራ ወጣት ፈረስ አለ፤ ሰው ይነክሳል። ላንቺ አይሆንም እንዳልል፣ ዛሬ ሜዳውን አቋርጠሽ ስትሄጂ አይቻለሁ።»

«ሰኞ ላኪልኝ» አለች ኔዲን። ሳትጠይቅ፣ ሳታመነታ። ሮይስ ዞሮ አያት።

ኮሪን ስትሄድ ኔዲን ቧንቧውን ከፈተችና የውሃውን ጎማ በግራ እጁ አስያዘችው። እሷ ተንበርክካ የክሎቨርን እግር ስታሽ፣ እሱ ቀዝቃዛውን ውሃ ከላይ ያፈስስ ነበር። ባዝራዋ ዓይኗን ከደን አደረገች። ውሃው መጀመሪያ ባዝራዋ እግር ላይ ነበር፤ ቀስ እያለ ወረደና የኔዲን ቦት ጫማ ውስጥ ገባ።

«ሮይስ፣ ጫማዬ ውስጥ ነው የምታፈሰው።»

ጎማውን አላነሣውም። እሷ ቀና ብላ ስታየው ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ፣ ምንም ያላየ መስሎ ተቀምጧል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኔዲን እግሯን አላሸሸችም። ውሃው ጫማዋን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ እዚያው ተንበርክካ የባዝራዋን እግር ማሸት ቀጠለች።